በአሮጌ ዴስክቶፕ የቢሮ ሰርቨር መትከል፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲነሳ አድርጎ

ይህ መመሪያ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ አካባቢ መጋዘን፣ ወርክሾፕ ወይም ትንሽ ቢሮ ላላችሁ ነው። አምስት ስድስት ኮምፒውተር አላችሁ። ፋይል በፍላሽና በቴሌግራም ይዞራል። የመጨረሻው ፕሮፎርማ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰርቨር፣ ማለትም የሁሉም ፋይል አንድ ቦታ የሚቀመጥበት ማሽን፣ ለመትከል የሞከራችሁም አላችሁ፤ ኢንስቶሉ አልቆ፣ ትንሽ ቀን ሠርቶ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም ያለ ሰርቨር በየቢሮው ጥግ አቧራ እየጠጣ ነው። ሰው የሚሸነፈው ኢንስቶሉ ላይ አይደለም። ዝግጅቱን ስለሚዘለውና ባክአፑን "በኋላ" ስለሚለው ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሱኝ።

የምንተክለው ዴቢያን ሊኑክስ ነው። በላዩ ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ይቀመጣል፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ከመጻፍ ይልቅ ከሌላ ኮምፒውተር በብራውዘር ገብታችሁ በሜኑ ትሠራላችሁ። ሁለቱም በአንድ ፋይል ይወርዳሉ። የፈቃድ ክፍያ የለም። እኔን ግን ከዋጋው በላይ የሚያሳምነኝ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት አሠራር ለማንም ክፍት መሆኑ ነው፦ ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ሀርድ ዲስኩን ነቅላችሁ ሊኑክስ ያለበት ሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ታነባላችሁ።

ፒችትሪ የምትጠቀሙ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩ

የፒችትሪን የድርጅት ዳታ እዚህ ሰርቨር ላይ አስቀምጣችሁ ቀጥታ አትሥሩበት። ፒችትሪ ከሥሩ ያለው ዳታቤዝ የሚፈልገው ዊንዶውስ ያለበትን ማሽን ነው። ተራ የኔትወርክ ፎልደር ውስጥ ካስገባችሁት ወይ አልከፍትም ይላል ወይ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ዳታው ሒሳብ ክፍሉ ማሽን ላይ ይቆይ። ሰርቨሩ ላይ የሚገባው በየቀኑ የምታወጡት የፒችትሪ ባክአፕ ፋይል ነው።

## ደረጃ 1፦ ማሽኑና ዲስኮቹ

ሶፍትዌሩ ብዙ አይጠይቅም። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ግን ባለ 4 ጊጋባይት ዩዝድ ዴስክቶፕ ካገኛችሁ ልባችሁ ያርፋል።

ዲስክ ላይ አትሰስቱ። ሦስት ያስፈልጋችኋል፦

- ሲስተሙ የሚቀመጥበት ትንሽ ኤስኤስዲ። 120 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው።
- ለፋይሎቻችሁ አንድ ትልቅ ሀርድ ዲስክ።
- ለባክአፕ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲስክ። ሁለት ብታደርጉት ደግሞ የተሻለ።

ሲስተሙንና ፋይሉን አንድ ዲስክ ላይ ላድርግ የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ኢንስቶለሩ የመረጣችሁለትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ይወስዳል፣ ቀሪውን ክፍል ለፋይል ልጠቀምበት ቢባል ሜኑው አይፈቅድላችሁም።

ያገለገለ ሀርድ ዲስክ ከገዛችሁ ፋይል ከመጫናችሁ በፊት ጤንነቱን እዩ። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" ወይም "ከረንት ፔንዲንግ" በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ከዜሮ በላይ ቁጥር ካለ ለሻጩ መልሱለት።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳት ትንሽ ነገር፦ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ። ሲአር 2032 ነው የምትባለው። አሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ሞታለች። ስትሞት ማሽኑ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የባዮስ (ማሽኑ ገና ሲነሳ የሚያነበው መሠረታዊ ሜኑ) ማስተካከያችሁም ይጠፋል። ቀኑ ከተሳሳተ ሲስተሙ አፕዴት አላወርድም ይላል፤ እናንተ ደግሞ ኢንተርኔቱን ስትራገሙ ትውላላችሁ። ቀይሯት።

ቦታውን በተመለከተ፦ መሬት ላይ አታስቀምጡት። ብሎኬት ማምረቻ ወይም የእንጨት ሥራ አጠገብ ከሆናችሁ አቧራው ማራገቢያውን በወራት ውስጥ ይደፍነዋል። ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ በር የሚዘጋበት ክፍል፣ በየጊዜው በብሎወር ማጽዳት። ኬብሉን አይጥ እንዳይቆረጥመው በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉት።

## ደረጃ 2፦ መብራት

ይህን ደረጃ ከዘለላችሁ የቀረውን አታንብቡት።

1. ዩፒኤስ ግዙ፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ስትገዙ ከኋላው የዩኤስቢ ዳታ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጡ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ቀዳዳው ከሌለ ሰርቨሩ መብራት መሄዱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ባትሪው ሲያልቅ ድርግም ይላል።
2. ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩን፣ ስዊቹን (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ሳጥን) እና ራውተሩን ብቻ ስኩ። ፕሪንተር አይሰካም፤ ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሽ ዩፒኤስን ይጥለዋል። የቡና ማፍያማ ጭራሽ አይነሳ።
3. መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ የሚያብድበት ሰፈር ከሆናችሁ ከዩፒኤሱ በፊት ስታቢላይዘር አድርጉ።
4. ባዮስ ውስጥ ግቡ። ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 1 ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለውን ፈልጋችሁ "ፓወር ኦን" አድርጉት። ከፋብሪካ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ "ኦፍ" ላይ ነው፤ አልነሳም አለ የሚባለው ሰርቨር ግማሹ ምንም አልሆነም፣ የሚያስነሳው አጥቶ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነውና ለሁለት ለሦስት ሰው ቢሮ መጥፎ አማራጭ አይደለም። ችግሩ ሁለተኛ ዲስክ የሚገባበት ቦታ ማጣቱ ነው።

## ደረጃ 3፦ ኔትወርክ

ሰርቨሩ በኬብል ይገናኝ። በዋይፋይ አይሆንም፣ ክርክር የለውም።

ከዚያ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ምረጡለት። ከቢሮው ኮምፒውተር ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ዲኤችሲፒ በሚለው ሥር ራውተሩ ለስልክና ለላፕቶፕ የሚያድላቸው ቁጥሮች ከየት እስከ የት እንደሆኑ ይታያል። ከ100 እስከ 200 ከሆነ ለሰርቨሩ 192.168.1.10ን ስጡት። ማደያው ከ2 ጀምሮ እስከ 254 ከሆነ መጀመሪያውን ወደ 100 ከፍ አድርጉትና ሴቭ በሉ። ይህን ሳታደርጉ ቁጥር ከሰጣችሁት አንድ ቀን የእንግዳ ስልክ የሰርቨሩን አድራሻ ይይዝና "ሰርቨሩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይጠፋል" የሚባል በሽታ ይጀምራችኋል።

የመረጣችሁትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉት።

## ደረጃ 4፦ የኢንስቶል ፍላሽ ማዘጋጀት

የኦፕን ሚዲያ ቮልትን አይኤስኦ ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፤ 1 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ሠፈራችሁ ኢንተርኔቱ የሚንቀረፈፍ ከሆነ መሀል ከተማ ስትሄዱ አውርዳችሁ ያዙት። እዚህ ላይ ያሉት የሜኑ ስሞች በዴቢያን 12 ላይ ከተሠራው ከሥሪት 7 ናቸው፤ በሌላ ሥሪት ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት። ፋይሉን ዝም ብሎ ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም። ሩፈስ "አይኤስኦ ሞድ" ወይስ "ዲዲ ሞድ" ብሎ ቢጠይቃችሁና የመጀመሪያው አልነሳ ካለ በሁለተኛው ድገሙት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የልጆቹን ፎቶ አስቀድማችሁ አውጡ።

## ደረጃ 5፦ ኢንስቶል

1. የፋይሉን ሀርድ ዲስክ ገመድ ንቀሉ። ማሽኑ ላይ ትንሹ ኤስኤስዲ ብቻ ይቅር። የተሳሳተ ዲስክ መርጦ የዓመታት ፋይል መጥረግ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው።
2. ኔትወርክ ኬብሉን ስኩ። ፍላሹን ሰክታችሁ አስነሱ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ከየት ልነሳ የሚለውን ሜኑ ያመጣል።
3. ቋንቋ ሲጠይቅ እንግሊዝኛ በሉት። ስህተት ሲመጣ መልእክቱን ፈልጎ ለማግኘት ይቀላል። አገር ሲጠይቅ አዘር፣ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያ። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ የሚያደርገው ይህ ምርጫ ነው፣ በሌላ አገር አትለፉት።
4. ለማሽኑ አጭር ስም ስጡት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት።
5. የ"ሩት"፣ ማለትም ሁሉንም ማድረግ የሚችለው ዋናው ዩዘር፣ ፓስወርድ ይጠይቃል። ጻፉትና ደብተር ላይ አስፍሩት፤ ሰርቨሩ ሲታመም የሚያድናችሁ እሱ ነው።
6. ሲጨርስ ፍላሹን ንቀሉ፣ ይነሳ። ስክሪኑ ላይ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ ያሳያችኋል።
7. ማሽኑን አጥፍታችሁ የፋይሉን ዲስክ መልሳችሁ ስኩ፣ አስነሱ።

ከፍላሹ አልነሳ ካለ ባዮስ ውስጥ "ሴኪዩር ቡት"ን አጥፉት። እንቢ ካለ ሌላ ፍላሽ ሞክሩ፤ ገበያ ላይ ያለው ፍላሽ ግማሹ ስሙ ብቻ ነው።

## ደረጃ 6፦ በብራውዘር መግባት

ከሌላ ኮምፒውተር ስክሪኑ ያሳያችሁን ቁጥር ብራውዘር ላይ ጻፉ። ዩዘሩ "አድሚን" ነው፤ ፓስወርዱ የሶፍትዌሩ ስም ራሱ ነው፣ ሦስቱ ቃላት ተያይዘው፣ ሁሉም በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል። እንደገባችሁ ቀይሩት። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፓስወርድ ነው።

ቢጫዋን መስመር እወቋት። አንድ ነገር ቀይራችሁ ሴቭ ስትሉ ከላይ ቢጫ መስመር ትወጣለች፣ ያልጸደቀ ለውጥ አለ ትላለች። የማረጋገጫ ምልክቷን ካልነካችሁ ምንም አልተለወጠም። "አድርጌዋለሁ ግን አይሠራም" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚች መስመር ነው። ከእያንዳንዱ ሴቭ በኋላ ንኳት።

አሁን "ኔትወርክ" ከዚያ "ኢንተርፌስስ" ግቡና አይፒውን ስታቲክ (የማይቀያየር) አድርጉት፦ አድራሻ የመረጣችሁት፣ ኔትማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ የራውተሩ ቁጥር፣ ዲኤንኤስም እሱኑ። ስታጸድቁ ገጹ ይንጠለጠላል። አትደንግጡ፣ አድራሻው ስለተቀየረ ነው፤ በአዲሱ ቁጥር ግቡ።

አልገባም ካለስ? ሞኒተርና ኪቦርድ ሰርቨሩ ላይ ስኩ፣ በ"ሩት" ግቡና "ኦኤምቪ ፈርስትኤድ" የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ በሁለቱ ቃላት መሀል ሰረዝ አለ። ኔትወርኩን እንደገና የምታስተካክሉበት፣ የጠፋ የአድሚን ፓስወርድም የምትቀይሩበት ሜኑ ይከፈታል።

## ደረጃ 7፦ ዲስክ፣ ሰው፣ ፎልደር

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ።

1. "ስቶሬጅ"፣ "ፋይል ሲስተምስ"። የፋይሉን ዲስክ መርጣችሁ "ኢኤክስቲ 4" አድርጋችሁ ፍጠሩ። ሲጨርስ "ማውንት" አድርጉት፤ ዲስኩን ለሥራ ክፍት ማድረግ ማለት ነው። ብዙ ሰው ፈጥሮ ማውንት ሳያደርግ ይወጣና ፎልደር ሲፈጥር ዲስኩን ያጣዋል። ዲስኩ ከነጭራሹ ካልታየ አሮጌ ነገር አለበት፤ "ዲስክስ" ውስጥ "ዋይፕ" አድርጉት። ዋይፕ ማለት መጥረግ ነው፣ መጠኑን አይታችሁ እሱ መሆኑን አረጋግጡ።
2. "ዩዘርስ"። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለየብቻ ዩዘር። ስም በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል። ለሁሉም አንድ ዩዘር መስጠት ይቀላል፣ ግን ማን ምን እንዳጠፋ አታውቁም፣ አንድ ሰው ሥራ ሲለቅም የሁሉንም ፓስወርድ ልትቀይሩ ነው።
3. "ስቶሬጅ"፣ "ሼርድ ፎልደርስ"። ሒሳብ፣ ሽያጭ፣ የጋራ የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ይበቃሉ። የእነዚህን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉ። ውስጣቸው ያለው ፋይል ግን በአማርኛ ቢሰየም ችግር የለውም።
4. ፎልደሩን መርጣችሁ ፈቃድ ስጡ፤ ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ። "ኤሲኤል" የሚለውን ሌላ የፈቃድ መስጫ ግን አትንኩት። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ፎልደሩ ለምን እንደተቆለፈ ራሱም አያውቀውም።
5. "ሰርቪስስ"፣ "ኤስኤምቢ"። ፎልደሮቹን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚያጋራው ይህ ነው። በሴቲንጉ "ኢኔብልድ" በሉ፣ ከዚያ "ሼርስ" ውስጥ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። "ፐብሊክ" የሚለው "ኖ" ይሁን፤ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ያለ ፓስወርድ የሚከፈት ፎልደርን ይከለክላሉ። "ሪሳይክል ቢን" የምትለዋን አብሯት። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይቆይላችኋል።

## ደረጃ 8፦ ከዊንዶውስ መገናኘት

የፎልደር መስኮት ክፈቱ፣ ከላይ አድራሻው ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘመሙ መስመሮችና የሰርቨሩን አይፒ ጻፉ፣ ኢንተር። በሠራተኛው ዩዘር ግቡ። በ"አድሚን" ወይም በ"ሩት" አትሞክሩ፣ እነሱ ለፎልደር አይደሉም። ከዚያ ፎልደሩን በቀኝ ነክታችሁ "ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ" አድርጉና ዜድ የሚል ፊደል ስጡት።

እዚህ ጋ የሚመጡት ችግሮች ይታወቃሉ፦

- ፓስወርዱ ልክ ሆኖ አልቀበልም ካለ፦ ዊንዶውስ የድሮውን ይዞ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ "ክሬደንሻል ማኔጀር" ገብታችሁ የሰርቨሩን መስመር ሰርዙ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ።
- በሁለት ስም መግባት አይቻልም ካለ፦ ያው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ዩዘር ተገብቷል። መፍትሔው ተመሳሳይ ነው።
- ይታያል ግን አያስጽፍም፦ ደረጃ 7 ቁጥር 4ን ተመልከቱ። ቢጫዋንም።
- አንዳንድ ፋይል ብቻ ኮፒ አልሆንም ካለ፦ የፋይሉ ስም ርዝመት ሊሆን ይችላል። ሊኑክሱ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ከነክፍተቱ ወደ 85 ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ ግን 255 ፊደል ይፈቅዳል። "ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ የፈቃድ እድሳት ጥያቄ" እያላችሁ የደብዳቤውን ርዕስ በሙሉ የፋይል ስም የምታደርጉ ሰዎች፣ አሳጥሩት።

## ደረጃ 9፦ ዩፒኤሱን ማነጋገር

የዩፒኤሱን ዩኤስቢ ገመድ ሰርቨሩ ላይ ስኩ። "ሲስተም"፣ "ፕለጊንስ" ውስጥ "ነት" የሚባለውን፣ ከዩፒኤስ ጋር የሚነጋገረውን ተጨማሪ ጫኑ። "ሰርቪስስ" ሥር ይመጣል። መዝጊያውን ባትሪ ሲያልቅ ሳይሆን መብራት ከሄደ ከሁለት ደቂቃ በኋላ አድርጉት፤ ሰዓቱ በሴኮንድ ነው፣ 120። ያረጀ የዩፒኤስ ባትሪ ግማሽ አለኝ እያለ ድንገት ይሞታልና አትመኑት።

ከዚያ ሞክሩት። ሠራተኛ ሁሉ ፋይሉን ዘግቶ ከግድግዳው ንቀሉት። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ ተሳክቷል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ ዩፒኤሱ ገና በርቶ ሳለ መብራት ከመጣ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል፤ ለእሱ መብራት አልሄደበትማ። የዚያን ጊዜ በእጅ ማስነሳት ነው፣ ለጥበቃው ቁልፏን አሳዩት።

## ደረጃ 10፦ ባክአፕ

ውጫዊውን ዲስክ ስኩ፣ በደረጃ 7 እንዳደረጋችሁት "ኢኤክስቲ 4" አድርጋችሁ ማውንት አድርጉት፣ ለባክአፕ አንድ ሼርድ ፎልደር ፍጠሩበት። ይህን ፎልደር ኤስኤምቢ ላይ አትጨምሩት፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የገባ ቫይረስ ባክአፑንም እንዳይበላው። ከዚያ "ሰርቪስስ"፣ "አርሲንክ" (ፎልደርን በሰዓቱ ኮፒ የሚያደርገው) ውስጥ ሥራ ፍጠሩ፣ ከሒሳብ ፎልደር ወደ ባክአፕ። ለሌሎቹም እንዲሁ። "ዲሊት" የሚለውን ምልክት አታድርጉ፤ ካደረጋችሁት ከሰርቨሩ የተሰረዘው ከባክአፑም ይሰረዛል።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። የሰዓት መሙያው ከ0 እስከ 23 የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት እንዲሠራ ፈልጋችሁ 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ኮምፒውተር ሲከፍት ይጀምራል፣ ኔትወርኩም ይንቀራፈፋል። ለሌሊት 8 ሰዓት 2 ነው የሚጻፈው። ማታ ብሬከር ተዘግቶ የሚታደርበት ግቢ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱ ባክአፕ መቼም አይሠራም። የምሳ ሰዓት አድርጉት፤ ቀን 7 ሰዓት ማለት 13 ነው።

ሁለት ዲስክ ካላችሁ እያፈራረቃችሁ አንዱ ሁልጊዜ ከግቢው ውጭ ይደር። ሌባ ሰርቨሩን ሲወስድ አጠገቡ የተቀመጠውን ባክአፕ አይተውላችሁም። ለሁለተኛው ዲስክ የራሱ ሥራ ይፈጠርለት፣ ስሙን ስላልቀየራችሁ ብቻ ሲስተሙ እንደ መጀመሪያው አይቆጥረውም። ከመንቀላችሁ በፊትም ሰርቨሩን ከሜኑው አጥፉት፤ ዲስኩ ላይ ሼርድ ፎልደር ስላለ "አንማውንት" የሚለው አይፈቅድላችሁም።

በየወሩ አንድ ፋይል ከባክአፑ አውጥታችሁ ክፈቱ። ዲስኩን ሊኑክስ ያለበት ሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ብታዩት ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ ከሰካችሁት "ፎርማት ላድርገው?" ይላችኋል። እሺ እንዳትሉት።